መቃው

እሺ፣ መቅዳት ጀምሯል። ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉድ ልጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ፣ አልሆነልኝም። ከመሐል ሜዳ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልለቅ ብሎኛል። የቅድመ አያቴ ነገር ነው። አዎ፣ የአረቄዋ።

በልጅነታቸው ከቅድመ አያቴ ጋር የነበሩትን እትዬን አገኘኋቸው። «አያወሩሽም» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፣ አወሩኝ። እስከ አንድ ቦታ ድረስ።

አባቴ ስለ ቅድመ አያቴ ሲያወራ ሁሌም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። ባሏ ከሞተ በኋላ የባሏ ዘመዶች የልጆቿን ርስት ሊነጥቋት ሲሉ ተሟግታ አስመለሰች። አለቀ። በምን ገንዘብ እንደተሟገተች ግን አይናገርም። መንዝ ላይ የርስት ክርክር እኮ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ቀጠሮ አለ፣ ስንቅ አለ፣ ነገረ ፈጅ አለ፣ ምስክር ማብላት አለ፣ ከዚያ ይግባኝ። ቤቷ ውስጥ ያለው ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ገበያ ላይ ምን ያወጣል? አረቄ ሲሆን ነው ብር የሚሆነው።

ፈቃድ አልነበራትም። ያኔ ቀረጥ ያልተከፈለበትን የሚያሳድዱት «ፊናንስ» ነበር የሚባሉት። እትዬ ይህን ቃል ሲጠሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም እኮ ሳላውቀው ዝቅ አደረግኩ።

አወጣጡን ሲነግሩኝ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ ድፍድፉን። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ይገባና አፉ በጭቃና በእበት ይመረጋል። ከዚያ መቃው ይሰካል፣ የመቃው ሌላኛው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ገንቦ ይገባል። ከሥር ኩበት ይነዳል። እትዬ ያኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ እሳቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። «ጠብታው ሲፈጥን እሳት ቀንሺ ትለኛለች» አሉኝ። በጆሮዋ ነበር የምትለካው።

ይህን ስሰማ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ፣ የኬሚስትሪ ክፍል። አልኮል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ውሃ 100 ላይ። ያ ግን ባሕር ወለል ላይ ነው። መሐል ሜዳ 3 ሺህ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚያ ውሃም 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ አልኮሉም ከ78 በታች። ስለዚህ እሳቱ ትንሽ ከበዛ ውሃው አብሮ ይመጣና አረቄው ይቀጥናል። እሷ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም። ጥቂት ጠብ አድርጋ በክብሪት ትለኩሰዋለች፣ ሰማያዊ ነበልባል ከያዘ ይሁን ትላለች፣ ካልያዘ ደግማ ታወጣዋለች። ይህችን ሴት ማንም «ባለሙያ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ይቆጨኛል። በእውነት ይቆጨኛል።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ስልኩ።

ስልኬን መደቡ ላይ፣ በመካከላችን አስቀምጬዋለሁ። አስፈቅጃለሁ፣ እሺ ብለውኛል። እትዬ ቡና እየቆሉ ነው። እንዲህ አሉኝ፦ «ሲመሽ ቅሉን ታሸክመኛለች፣ ከላይ ባና ታለብሰኛለች፣ እሄዳለሁ።»

«ለማን ነበር የሚወስዱት እትዬ?» አልኳቸው።

ያኔ እጃቸው መጣ። አልተቆጡም። መዳፋቸውን ዘርግተው ስልኩ ላይ አሳረፉት፣ የሕፃን ግንባር ትኩሳት እንዳለው እንደሚዳስስ ሰው። «ይብቃሽ ልጄ» አሉ።

ቅጂው አልቆመም። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እንደታፈነ ሆኖ የኩበቱ እሳት ይሰማል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ውጭ በግ ይጮሃል። ከዚያ እትዬ «ጀበናው ገነፈለ» ይላሉ። ጀበናው እኮ ገና አልተጣደም። ቡናው ምጣድ ላይ ነው።

ለማን ነበር? ለዳኛው ነው እንዴ? ወይስ ለራሳቸው ለፊናንሶቹ? ለምስክሮች ከሆነስ፣ ፍርዱ... አይ፣ እንዲህ ማሰብ አልፈልግም። ምናልባት ለአንድ ጎረቤት ነው፣ ያ ጎረቤት በመጠጥ ተበላሽቶ፣ ልጆቹ ዛሬ እዚያው መንደር አሉ። ምናልባት ደግሞ ነገሩ የአረቄው ላይሆን ይችላል። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ በጨለማ ብቻዋን ወደ ሰው ቤት ስትላክ... ይህን አሁን ገና ነው ያሰብኩት። ቆይ።

...

እሺ። ፍርዱ ለቅድመ አያቴ ሆነ። መሬቱ ተመለሰ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ያን ሁሉ ዓመት እሳት ዳር ተቀምጣ ያስመለሰችው ርስት ማለት ነው። እትዬን ያን ቀን ምን አለች ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ትላለች፣ ገብሱን አጨደች» አሉኝ። አዋጁ የካቲት ነው፣ የዚያን ጊዜ አጨዳ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ እትዬ ግን እንዲህ ነው ያሉት።

ልሄድ ስነሣ በርጩማ ላይ ቆመው ከጣሪያው ሥር አንድ ነገር መዘዙ። መቃው። ክንድ ያህላል፣ በጥላሸት ጠቁሯል፣ አንዱ ጫፍ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ዛሬም አለ። አሸተትኩት፣ ጭስ ጭስ ይላል። «ውሰጂው» አሉኝ። ስለ ሌላው አንድም ቃል አልጨመሩም። መስኮቴ ላይ ነው ያለው፣ አሁን ከዚህ ይታየኛል።

ትናንት ደወሉልኝ። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ በጎቹ አወራን። ልንዘጋ ስንል «ያን ነገር ደህና ቦታ አስቀመጥሽው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። መቃውን ይሁን ቅጂውን ግን...