የ1849 ምረጡኝ በሌክሲንግተን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ የምረጡኝ ዘመቻ አለ፤ የተካሄደውም በ1849፣ በአሜሪካዋ ኬንታኪ፣ በሌክሲንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች ነው። ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሌክሲንግተን ያን ጊዜ ነዋሪዎቿ 10 ሺህ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ ነበረች። ኮሌራንም ታውቀዋለች፤ በ1833 ገብቶባት ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎቿን ቀብራለች። በሽታው በ1849 ሲመለስ ኬንታኪ ሕገ መንግሥቷን እንደገና ለሚጽፍ ጉባኤ ተወካዮች ልትመርጥ እየተሰናዳች ነበር። የክርክሩ ሁሉ እምብርት ባርነት ነው፤ ባሮችን ከሌላ ግዛት ለሽያጭ ማስገባትን የሚከለክለውን የ1833 ሕግ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አላልቶት ስለነበር፣ ጠቡ በየቤቱ ገብቷል።

ለግዛቲቱ ሴኔት እንደገና ለመመረጥ ይወዳደሩ ከነበሩት አንዱ ሮበርት ስሚዝ ቶድ ነበር፤ የ58 ዓመት ነጋዴና የባንክ ሰው፣ የኬንታኪው ታዋቂ ፖለቲከኛ የሄንሪ ክሌይ ወዳጅ፣ የአብርሃም ሊንከን አማት። ራሱም ባሪያ አሳዳሪ ስለነበር የነፃነት አርበኛ አድርጌ ልስለው አልፈልግም።

ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ፣ ሰው በኮሌራ እየረገፈ ድምፅ ፍለጋ መዞር የሥልጣን ጥም እንጂ ሌላ ምን ይባላል ብዬ ነበር። በኋላ ግን የአመራረጡን ሥርዓት ስረዳ ፍርዴ ላላ። በዚያ ዘመን ኬንታኪ ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም፤ መራጩ በጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ጎረቤቱና አበዳሪው እየሰሙት፣ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራ ነበር። ስምህን በአደባባይ እንዲጠራልህ የምትፈልገውን ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ሳታገኘው፣ እጁን ሳትጨብጠው አይሆንም።

ስለዚህ ሕዝቡ በምንጭ ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ሥጋ ይጠበሳል፣ ንግግሩ ይረዝማል፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። የጠማው ሁሉ በአንድ ጣሳ ከአንድ ባልዲ እየቀዳ ይጠጣል። ከዚያ አገር አፈር ሥር ያለው ደግሞ ስንጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በአንዱ ጓሮ መጸዳጃ የገባው ቆሻሻ ሳይጣራ በሌላው ጉድጓድ ወይም ምንጭ ብቅ ይላል። ሐኪሞቹ የሚጠረጥሩት የተበላሸ አየርን ነበር፤ የሚያዝዙትም ካሎሜል የተባለውን የሜርኩሪ መድኃኒት። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ የጻፈበትን ትንሽ መጽሐፍ ለንደን ላይ ያሳተመው በዚያው ዓመት ቢሆንም፣ ለሌክሲንግተን አልደረሰላትም።

እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ ከጎረቤቴ ጋር በክርን ሰላም እየተባባልን ስንከራከር ትዝ ይለኛል፤ የውሳኔውን ነገር ለሌላ ቀን ላቆየውና፣ ቢያንስ ጣሳ መጋራት አደገኛ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ቶድ ይህን የሚነግረው አልነበረም።

ከፕሬዚዳንትነት ከወረደ ገና ሦስት ወር የሆነው ጄምስ ፖልክ ጁን 15 በጎረቤት ቴነሲ በኮሌራ ሞተ። ቶድም በጁላይ አጋማሽ፣ ዘመቻውን ሳይጨርስ፣ በዚያው በሽታ ተቀጨ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር አገሩ በሙሉ ስለ ወረርሽኙ እንዲጾምና እንዲጸልይ በአዋጅ ጠየቀ፤ የተቆረጠው ቀን ዓርብ ኦገስት 3 ነበር።

የኬንታኪ ምርጫ ግን ቀኑን አልለቀቀም። ከጾሙ በኋላ ቅዳሜና እሑድ አልፈው፣ ሰኞ ኦገስት 6 መራጮቹ እንደ ልማዳቸው በጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ተሰልፈው ስም መጥራት ጀመሩ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት እጃቸውን ይጨብጥ የነበረው ሰው ስም ግን ከሚጠሩት ውስጥ አልነበረም።