ውሃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፦ የዓሣ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ዓሦቼ ጠዋት ጠዋት ላይ ላዩን እየዋኙ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ርቧቸው መስሎኝ መኖ ጨመርኩላቸው። በማግስቱ ሞተው የተንሳፈፉ አገኘሁ። ምን ነክቷቸው ነው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ርቧቸው ሳይሆን ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7.5 ይወርዳል። ዓሣው ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ሙቀት ሲጨምር ኦክስጅን የሚፈልገው አብዝቶ ነው። ጠዋት የሚብሰው ለምንድነው? ኩሬውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እሱም ተሻሚ ይሆናል። ንጋት ላይ ውሃው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው።

መኖውማ ነገሩን አባባሰው። የበሉትን ለመፍጨትም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የተረፈው ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ደግሞ በሞቀ ውሃ መርዝነቱ ይጨምራል። እና መኖውን ያቁሙ። አየር መስጫ ማሽን ካለዎት ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። ከሌለዎት ውሃ ከፍ ካለ ቦታ እየተረጨ ይግባ፣ ሲወርድ አየር ይቀላቅላል። ግን ቀስ እያሉ! ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከለቀቁበት ድንገተኛው ለውጥ ራሱ ይጎዳቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ችግሬ ብርድ ነው። ቲላፒያዎቼ መብላት አቁመዋል። አንዳንዶቹ ቆዳ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ምን መድኃኒት ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይግዙ። ቲላፒያ ሙቅ ውሃ ወዳድ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ጥጡ ፈንገስ ነው። ቅዝቃዜ የዓሣውን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ፈንገሱ ክፍተት ያገኛል። በዚህ ሰሞን በመረብ እያወጡ አያገላብጧቸው፤ ቅርፊታቸው ከተላጠ ፈንገሱ በዚያው ይገባል። የማይበሉትን መኖ መበተንም ይቅር። ኩሬው ጥልቀት ከሌለው ደግሞ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ማስጠለቅን ያስቡበት።

ጥያቄ፦ ትራውትን ከቲላፒያ ጋር በአንድ ኩሬ ማርባት ይቻላል?

መልስ፦ አይሞክሩት። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ዓሣ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፤ 25 አካባቢ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለቲላፒያ 25 ገና መሞቁ ነው።