ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ የጣናውስ አገሩ የት ነው?

ትዕግስት፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነን። አበባው ዛሬም አርፍዷል፤ ምክንያቱን ራሱ ይናገር።

አበባው፦ ወፍ እያየሁ ነው። አትሳቂ! አስጋሪዎቹ ቆሮሶ አሳ እያረዱ ሆድቃውን ወደ ውኃው ይወረውራሉ። ያ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ወፍ አለ አይደል? አየር ላይ እያለ ይቀልበዋል።

ትዕግስት፦ ፈረንጆቹ ጋል የሚሉት?

አበባው፦ እሱ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት «ይሄ የባሕር ወፍ ነው» አሉኝ። «የትኛው ባሕር አባቴ?» ስላቸው በአገጫቸው ጣናን አሳዩኝ። «ሌላ ባሕር አለ እንዴ?»

ትዕግስት፦ እውነታቸውን ነው፤ የከተማችን ስም ራሱ ባሕር ዳር! ግን ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል። የዚህኛው አገሩ የት ነው?

አበባው፦ አንዱ ወገን በፊንላንድና በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ነው የሚፈለፈለው። የእነሱ ብርድ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መከታተያ የታሰረባቸው ዓባይን ይዘው እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲዘልቁ ታይተዋል። ከሩሲያ ሰሜን የሚመጣ ዘመድም አለው፤ በሩቁ ሲያዩት ያሳስታል። ስለዚህ የዛሬ ጠዋቱን ወፍ አገር በዓይን ብቻ መናገር ይከብዳል።

ትዕግስት፦ ታዲያ በምን ይታወቃል?

አበባው፦ በእግሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት ወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ከዚያ በፊትማ ማስረጃው ያሳዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ የአፍሪካ ጦር አንገቱ ላይ እንደተሰካ ተገኘ። ሽመላ የአውሮፓን የብርድ ወራት አፍሪካ እንደሚያሳልፍ ያን ጊዜ ተጨበጠ።

ትዕግስት፦ ጦሩን ይዞ በርሮ? ወይ ጉድ! ግን ቀለበቱ ራሱ አይናገርም እኮ። የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል።

አበባው፦ እሱን ልል ነው የመጣሁት። ፊንላንድ ያለው ሰው ቀለበት አሰረ እንበል። ወፉ እዚህ አስጋሪ መረብ ውስጥ ገባ። አስጋሪው ቀለበቱን ለልጁ መጫወቻ ከሰጠው ታሪኩ እዚያው ቀረ። ቁጥሩንና ጽሑፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሚመለከተው ከላከ፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ከነገረ፣ መንገዱ ሁለት ጫፍ አገኘ። ወፉ በሕይወት ካለ ደግሞ ቀለበቱን አይፈቱበትም፤ አንብቦ መልቀቅ ነው።

ትዕግስት፦ አሁን ግን ሳተላይት አለ አይደል? ሰውን ምን አስቸገረ?

አበባው፦ አለ፣ ግን ወፉ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ክብደት አለው። የተለመደው ልክ ከወፉ ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 700 ግራም ለሚመዝን ጋል 21 ግራም ማለት ነው። ለትንንሾቹ ብርሃን ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። የቀኑ ርዝመት ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንዳለ ይነግርሻል፤ የእኩለ ቀኑ ሰዓት ደግሞ ምሥራቅና ምዕራቡን።

ትዕግስት፦ ጎበዝ!

አበባው፦ ችግሩ፣ መረጃውን ለማውጣት ያንኑ ወፍ መልሰሽ መያዝ አለብሽ። እንዲያም ሆኖ 1.4 ግራም በምትመዝን መሣሪያ የአርክቲክ ተርን የምትባለው ወፍ ከግሪንላንድ አንታርክቲካ ደርሳ ስትመለስ በአማካይ ወደ 71,000 ኪሎ ሜትር እንደምትበር ታወቀ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ትዕግስት፦ እሺ፣ መንገዱን አወቅን። ወፉ ምን ተጠቀመ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ካርታ መሳል ብቻውን ማንንም አያድንም።

አበባው፦ ልክ ነሽ። ናሚቢያን ውሰጂ። አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ሩቅ ደሴት ላይ ይፈለፈላል፣ ለምግብ ግን የአሳ መርከብ ወዳለበት ይመጣል። ማጥመጃው ላይ ያለውን አሳ ሲነጥቅ መንጠቆው ይይዘውና ይሰምጣል። የወፉን መንገድ ከመርከቦቹ መንገድ ጋር ስታደራርቢው የት እንደሚሞት ታያለሽ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወፉን እንዲያስፈራራ ከመርከቡ ኋላ ባለ ቀለም ጨርቅ የሚንጠለጠልበት ገመድ መጎተት። ደንብ ከወጣ በኋላ በመንጠቆ መርከቦቹ ላይ የሚሞተው ወፍ 98 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ገመዱን ደግሞ የዋልቪስ ቤይ ከተማ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት።

ትዕግስት፦ ይሄን ወደድኩት። ለሴቶቹም እንጀራ ሆነ! እኛ ጋስ?

አበባው፦ እኛ ጋ መንጠቆው ሳይሆን ማረፊያው ነው ጉዳዩ። ፎገራ ላይ ሸሸርና ወላላ የሚባሉትን ረግረጎች ታውቂያቸዋለሽ። ውኃው ሲሸሽ ይታረሳሉ። ሐይቁ ላይ ደግሞ እንቦጭ አለ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ወፉ ግን መዝገብ አያነብም። የሚያርፍበት ካጣ ያልፋል።

ትዕግስት፦ ገበሬውም ግን ልጆች አሉት። ረግረጉን አትንካ ብሎ ዝም ማለት አይቻልም።

አበባው፦ አይቻልም። ለዚህ እኔም መልስ የለኝም። ግን ወፉ የትኛው ረግረግ ላይ፣ በየትኛው ወር እንደሚያርፍ ቢታወቅ፣ ንግግሩ «ሁሉንም ተው» ከሚል ወደ «ይቺን ጥግ፣ እስከዚህ ወር» ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ይደራደራል።

ትዕግስት፦ እና ዛሬ ጠዋት የወፎቹን እግር ስታይ ነበር ማለት ነው? ቀለበት አገኘህ?

አበባው፦ አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ! ወፉ ሞልቷል። ቀለበት ግን... ወፍ የለም!