በጠየቀች ቀን ይውጣላት

(በኮምቦልቻ ከተማ የጤና ባለሙያዎችና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች የዓመት መዝጊያ ስብሰባ ላይ በአንዲት አዋላጅ ነርስ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶቼና እህቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ የእርግዝና መከላከያ ዘዴዎች ንጽጽር ነው። አወዳድራለሁ። ነገር ግን ከእኔ በፊት የተነበበውን የዓመቱን ሪፖርት ስሰማ ሆዴ ባባ። ስንት ሴቶች መርፌ ወሰዱ፣ ስንቶች የመከላከያ ዘንግ በክንዳቸው አስቀበሩ፣ ስንቶች በማሕፀን የሚቀመጠውን ሉፕ አስገቡ ሲባል አጨበጨብን። ለማስወጣት መጥተው «ሌላ ቀን ነይ» ተብለው የተመለሱት ግን አልተነሱም። ስለ እነርሱ ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አስቀድሜ የመጣንበትን መንገድ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100 ያገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ 41 ደረሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ቦርሳቸውን አንግተው የቃሉ ወረዳን ዳገት የወጡ፣ ቦርከናን በክረምት የተሻገሩ፣ አማት ፊት ቆመው «ልጅቷን ላነጋግራት» ብለው የለመኑ ሴቶች ያመጡት ለውጥ ነው። ብዙዎቻችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ይህን ድካማችሁን ከማክበር የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ ልግባ። «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ብላ የምትመጣ ሴት መጀመሪያ ከእኔ የምታገኘው ጥያቄ ነው። ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ? ባልሽ ያውቃል? ሌሊት ትሠሪያለሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት እንክብሉም በክንድ የሚቀበረውም ይዳከሙባታል። ይህን ሳይጠይቅ ዘዴ የሚሰጥ ባለሙያ ለዕድል እየተዋት ነው።

እንክብል በየቀኑ በሰዓቱ ለምትውጥ ሴት አስተማማኝ ነው። በኑሮ ውስጥ ግን ይረሳል፤ በአንድ ዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች 7 ያህሉ ያረግዛሉ። በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርካችን አንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዱን ሳምንት ሌሊት የምትገባ ልጅ «ሁልጊዜ ማታ ስትተኚ ዋጪ» ብትባል የትኛው ማታ? በአገራችን ከሁሉ የበለጠ ተጠቃሚ ያለው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ስለሌለው ምስጢሯን ለምትጠብቅ ሴት ይመቻል፤ በዓመት ከ100 የሚያረግዙት 4 ያህል ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜም ቀጠሮ በማለፉ ነው። ይሁን እንጂ አንዴ ከተወጋ የሚያወጣው የለም። መካን አያደርግም፤ ከተቋረጠ በኋላ ማርገዝ ግን ከሌሎቹ ዘዴዎች በወራት ሊዘገይ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ልወልድ ነው የምትል ሙሽራን ይህን ሳይነግሩ መውጋት ነውር ነው።

ኮንዶም ሲጠቀሙበት ይሳሳቱበታል፤ በዓመት ከ100 ሴቶች 13 ያህሉ ያረግዛሉ። ነገር ግን ኤች አይ ቪን ጨምሮ ከአባላዘር በሽታ የሚጠብቅ እርሱ ነውና ደረቅ ወደብ ባለባት፣ ከባድ መኪና በሚያድርባት በኮምቦልቻ ከሌላ ዘዴ ጋር ተደርቦ ሊሰጥ ይገባል። ጡት ማጥባትም ዘዴ ነው፤ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው፣ ያለ ሌላ ምግብና ውኃ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ፣ የወር አበባም ካልተመለሰ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አለቀ። ስለ ቀን ቆጠራ ብዙ አልልም፤ የወር አበባዋ ለሚዛባ ሴት አይሆንም።

ረጅም ጊዜ የሚቆዩት ይቀራሉ። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን የወር አበባን ሊያበዛ፣ ቁርጠትም ሊያመጣ ይችላል። ጥንቃቄ ከጎደለው ግንኙነት በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ቢገባ እንኳ ያድናል፤ ይህን የሚያውቁ ሴቶች ጥቂት ናቸው። በክንድ የሚቀበረው ባለ አንዱ ዘንግ 3 ዓመት፣ ባለ ሁለቱ 5 ዓመት ይቆያል። በዓመት ከ1,000 ተጠቃሚዎች የምታረግዘው አንዲት ያህል ናት። ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ የለም። ደግሞም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘበት ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የመርፌ ቀጠሮዋ የደረሰባት ሴት የምትሄድበት አልነበራትም። በክንዷ ያስቀበረችው እንደተጠበቀች ያን ጊዜ አለፈችው። ስለዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ሰምታችሁ የዚህ ዘዴ ጠላት ናት እንዳትሉኝ።

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች። ስሟንም፣ የሄደችበትን ተቋምም አልጠራም። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በክንዷ አስቀበረች። የቀበረላት ሰው ስለ ደም መዛባት አንድም ቃል አልነገራትም። ወር ሳይሞላት ደሙ ጀመረ፤ ሁለት ሳምንት ይፈሳል፣ አምስት ቀን ያቆማል፣ ደግሞ ይመለሳል። እኛ ይህ በአብዛኛው አደገኛ እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜም በወራት ውስጥ እንደሚቀንስ እናውቃለን። እርሷ ማን ነግሯት ትወቅ? ማሽን ላይ ተቀምጣ ልብሴ ይበላሽብኛል እያለች ትሳቀቃለች። ወደ መጸዳጃ ቤት በተነሣች ቁጥር ተቆጣጣሪው ሰዓት ያያል። ረመዳን ገባ፤ ልጹም አልጹም፣ ልስገድ አልስገድ እያለች የምትጠይቀው ሰው አጣች።

የቀን ደመወዟን አጥታ ወደ ተቋሙ ሄደች። «ሦስት ዓመት ሳይሞላ አይወጣም» አሏት። እንደገና ከሥራ ቀረችና ሄደች። «የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ሄዷል» አሏት። ከዚያ በኋላ ስትመለስ ወንዱም ሴቱም በተቀመጠበት አግዳሚ ፊት «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። ባል የላትም። ይህን በሰው ሁሉ ፊት እንድትናገር ተደረገች። አስቡት! ስታስቀብር ማንም ባል አልጠየቃትም።

ቤቷ ገባች። የክፍል ጓደኛዋ ምላጭ አምጥታ ክንዷን ቀደደችው። ዘንጉን አላገኙትም። እኔ ዘንድ ስትመጣ ክንዷ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። ቁስሉን አክመን፣ ማደንዘዣ ሰጥተን አወጣንላት። ዘንጉ ጠልቆ ካልገባ በቀር ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማደንዘዣ፣ ትንሽ ስለት፣ መቆንጠጫ፣ ፋሻ። ተኝታ ሳለች «ሲያስገቡልኝ እህቴ ይሉኝ ነበር፤ አውጡልኝ ስል ማን እንደሆንኩ ረሱኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ በእርሷ አላበቃም። በዚያ ግቢ ውስጥ ዘንጉ ወደ ልብ ይሄዳል፣ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም የሚል ወሬ ነገሠ። ለማስቀበር ቀን ቆርጣ የነበረችው ጓደኛዋ ቀረች፤ በመስከረም ሳትፈልግ አርግዛ አገኘናት። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ወሬውን የምንጥለው በማኅበረሰቡ ግንዛቤ ማነስ ላይ ነው። ያን ግቢ ግንዛቤ አላነሰውም። ያዩትን ነው ያወሩት። ወሬውን የወለድነው እኛ ነን!

ሥሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ አንዱ ዘንግ በአገር ደረጃ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እጅ እንዲሰጥ ሲጀመር ባለሙያዎቹ የሠለጠኑት ለማስገባት ነበር፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። ማስገቢያው ደጇ ድረስ መጣላት፣ ማውጫው ተራራ ማዶ ቀረባት። ያን ጊዜ አገልግሎቱን ለማዳረስ ነው ቢባል ይገባኛል። ዛሬም ያው ሰበብ ሲደገም ግን አልቀበልም። «ዕቃው ውድ ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ ቢወጣ ይባክናል» የሚሉ አሉ። ክንዱ የማን ነው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ የሚመጣ ጉዳትን ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ባልሽን ይዘሽ ነይ የሚል ቃል በውስጡ የለም።

ሼሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፤ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ እናት ልጇን ሁለት ሙሉ ዓመት ስለማጥባቷ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ ዳግም እንዳታረግዝ ይመክራል። የንስሐ ልጆቻችሁና መስጊድ የምታስተምሯቸው ሴቶች መጥተው እንዲጠይቁን ብትነግሯቸው ይበቃናል። ወንዶችም አላችሁ፤ የወንድ ዘር ቱቦን መቋጠር ከሴቷ ቀዶ ሕክምና ይቀላል፣ በአገራችን የሚያደርገው ግን ከቁጥር አይገባም። ልጅ በቃን ያላችሁ አስቡበት።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሚያስገባ ተቋም ሁሉ በየሥራ ቀኑ የሚያወጣ ሰው ይኑረው። ከሌለው ሴትየዋን «ሌላ ቀን» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ወዴት፣ መቼ፣ ማን ጋር እንደምትሄድ በወረቀት ጽፎ፣ እዚያም ደውሎ ይላካት። ለፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ በኋላ ወይም እሑድ የሚከፈት ክፍል ይኑር፤ የቀን ደመወዝ ከፍላ መታከም የለባትም። ደሙ ስላስቸገራት የመጣችውን መጀመሪያ ስሟት፤ ሊረዳት የሚችል መድኃኒት እንዳለ ንገሯት፤ ሌሎቹን ዘዴዎች አሳዩዋት። ይህን ሁሉ ሰምታ አውጡልኝ ካለች ምክንያቷን ዳግመኛ አትመርምሩ። ያን ዕለት አውጡላት።

የመለማመጃ ክንድ፣ መቆንጠጫና ጓንት ይዤ መጥቻለሁ። ማውጣት ያልሠለጠናችሁ አዋላጆችና ነርሶች ከምሳ በኋላ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ክፍል እጠብቃችኋለሁ፤ ሁላችሁም በእጃችሁ ሠርታችሁ እስክትጨርሱ አልሄድም። አመሰግናለሁ።