ሬዲዮውን እንግዛ፣ የኃይል ሰሌዳውን እንሥራ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በየከተማችሁ አነስተኛ የኢንተርኔት አገልግሎት ለመጀመር አስባችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤

እንድናገር የተጠየቅሁት አነስተኛ አቅራቢ አቅሙ የሚፈቅደውን መሣሪያ እንዴት ማግኘት እንደሚችል ነው። ይህ ጥያቄ ሲነሣ የወጣት መሐንዲሶች ሐሳብ ቶሎ ወደ ሬዲዮው፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ያለ ሽቦ በአየር ወደሚልከውና ወደሚቀበለው መሣሪያ፣ ይሄዳል፤ አንቴና መሥራትና የማሠራጫ ሰሌዳ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚገጠሙበት) መገጣጠም ያምራቸዋል። የእኔ እምነት ግን ሬዲዮው መገዛት እንዳለበት፣ በእጃችን ልንሠራው የሚገባን ደግሞ ለሬዲዮው ኃይል የሚሰጠው ክፍል እንደሆነ ነው።

የሬዲዮው ጉዳይ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ መልስ እያገኘ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ የቤት ራውተር ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራ ስለነበር፣ ኩባንያው በሶፍትዌሩ ፈቃድ ግዴታ መሠረት ምንጭ ኮዱን (ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን መመሪያ) በ2003 ይፋ አደረገ፤ በዚያ ላይ የተነሣው ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለ ነፃ የራውተር ሶፍትዌርም ርካሹን የቤት ዕቃ የባለሙያ መሣሪያ አደረገው። ዛሬ እንደ ማይክሮቲክና ዩቢኪቲ ያሉ አምራቾች ከአንቴና ጋር የተዋሐደ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዋት በታች የሚበላ፣ ከቤት ውጭ የሚተከል ሬዲዮ በገፍ ስለሚያወጡ፣ እኛ በጥቂት ቁጥር ሠርተን በዋጋ ልንወዳደራቸው አንችልም።

የመስመሩ ስሌትም ቢሆን በግማሽ ገጽ የሚያልቅ ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ምልክት በአየር ላይ ወደ 128 ዲሲቤል ይዳከማል፤ በ20 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ) የሚልክ ሬዲዮና በሁለቱም ጫፍ 23 ዲቢአይ (አንቴናው ምልክቱን የሚያጠናክርበት መጠን) ያላቸው ሳህን አንቴናዎች ቢኖሩን ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው −62 ዲቢኤም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለመካከለኛ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ጫፎች ይተያያሉ ሲባል በዓይን መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። በዚህ ርቀትና በዚህ ፍሪኩዌንሲ ምልክቱ መሐል መንገድ ላይ በየአቅጣጫው እስከ 11 ሜትር የሚደርስ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ሰባቱ ሜትር ከእንቅፋት ነፃ መሆን አለበት። ዛሬ ከመስመሩ ሥር የተተከለ የባሕር ዛፍ ችግኝ ከጥቂት ክረምት በኋላ እዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ይገባል፤ ደንበኛው የሚያውቀው ግን ኔትወርኩ መድከሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ማማ የሚተክል ሰው ከባለ እርሻው ጋር ስለ ዛፉ አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

ስለ ርቀት ካነሣሁ አይቀር፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ከአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ጋር የሠሩትን ልጥቀስ። በገጠር ማዕከል የተቀመጠ ሕመምተኛ ከተማ ካለው ሐኪም ጋር በቪዲዮ እንዲገናኝ የረጅም ርቀት ዋይፋይ ዘረጉ። ዋይፋይ የተሠራው ለቤትና ለቢሮ ነው፤ ላኪው መልእክቱ መድረሱን የሚገልጽ መልስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ካላገኘ እንደ ጠፋ ቆጥሮ ይደግመዋል። ምልክቱ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ግን በብርሃን ፍጥነት እንኳ 67 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይፈጅበታል፤ ለአጭር ርቀት የተመደበው የጥበቃ ጊዜ ለዚህ አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ይህንን በሶፍትዌር ፈቱት፤ ሬዲዮዎቹ እየተጠባበቁ ከሚሻሙ በተመደበላቸው ጊዜ ተራ በተራ እንዲናገሩ አደረጉ። በሥራው ላይ ዓመታት ሲቆዩ ግን ብዙውን ብልሽት የሚያመጣው ሬዲዮው ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ጥራት መሆኑን አዩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለውን ንረት፣ የቮልቴጁንም መዋዠቅ እዚህ ላለነው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከንረቱ ይልቅ ተንኮለኛው ዝቅታው ነው። ባትሪ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲወርድ ራውተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋም በትክክል ሳይሠራም ይቆያል፤ በዚህ መሐል ሶፍትዌሩ ሊበላሽ ይችላል። ኃይሉ ቢመለስም ዕቃው ፈዝዞ ስለሚቀር ለአንድ ማጥፋትና ማብራት ብቻ ሰው ተራራ ይወጣል። መድኃኒቱ ተማሪ በቤተ ሙከራ ሊሠራው የሚችል ሰሌዳ ነው፦ አንድ ቮልቴጅ አነጻጻሪ (የባትሪውን ቮልቴጅ ከተወሰነ ልክ ጋር የሚያወዳድር)፣ አንድ ማብሪያ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች። ለባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ለምሳሌ 11.5 ላይ ይቁረጥ፣ 12.6 ሲደርስ ይቀጥል። በሁለቱ መሐል ያለውን ልዩነት አታጥብቡት፤ ጭነቱ ሲነሣለት የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ስለሚል፣ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ሰሌዳው በተደጋጋሚ ሲያጠፋና ሲያበራ ያድራል። በዚሁ ላይ ራውተሩ ምላሽ መስጠት ሲያቆም ኃይሉን ለአፍታ ቆርጦ የሚመልስ ሰዓት ቆጣሪ ቢጨመርበት፣ ከተራራው ጉዞ አብዛኛው ይቀራል።

የፀሐይ ኃይሉንም በበጋ ሰማይ አታስሉት። ሦስት ሬዲዮና አንድ ራውተር በድምሩ 30 ዋት ቢበሉ በቀን 720 ዋት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፤ ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን እንዲቆዩና የእርሳሱ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተፈለገ በ12 ቮልት 240 አምፒር ሰዓት ይጠይቃል። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይገኛል ብሎ ፓነል የገዛ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ደንበኞቹን ያጣል። ሁሉም ሬዲዮ በአራት ዋት ቢቀንስ ባትሪው ከሲሶ በላይ ያንሳል፤ ለዚህ ነው ሬዲዮ ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት የዋቱን ቁጥር አንብቡ የምለው።

ይህን አስተሳሰብ በሥራ ያዋሉ አሉ። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ ገጠር የተቋቋመው ዜንዜሌኒ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በነዋሪዎች ቤት ላይ በፀሐይ የሚሠሩ ጣቢያዎችን ተከለ፤ ከኢንተርኔቱ በፊት ገቢ ያስገኘለትም ከዚያው ፓነል የሞባይል ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ነበር። መብራት በሌለበት አካባቢ የኃይል ክፍሉ ራሱ ሸቀጥ መሆኑን ቀድመው ተረድተዋል።

አቅራቢውን ከዓለሙ ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ዋጋ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ አላስረዝመውም። ብቻውን የሚገዛ ትንሽ አቅራቢ ሁልጊዜ ውድ ይከፍላል፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፔን ካታሎኒያ ያደገው ጉይፊ ኔት የተባለ የማኅበረሰብ ኔትወርክ አባላቱ በጋራ በገነቡት መረብ ላይ ብዙ ትንንሽ አቅራቢዎች እንዲሠሩና ወጪውን እንዲጋሩ ያደረገው ለዚህ ነው። ድሮ ይጠቅም የነበረው የድረ ገጽ ማከማቻ (አንዱ የከፈተውን ገጽ ለሌሎች የሚያስቀምጥ ኮምፒዩተር) ዛሬ አብዛኛው ትራፊክ የተመሰጠረ ስለሆነ ብዙም አያድንም፤ ይልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ኪዊክስ (ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) የተጫነበት አነስተኛ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ዊኪፔዲያን ያለ ውጭ መስመር ያስነብባል። የፍሪኩዌንሲና የአገልግሎት ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ስለሆነ፣ ምሰሶ ከመቆሙ በፊት እዚያ መሄድ ይቀድማል።

ከመምህራኑ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የዘንድሮ የመመረቂያ ሥራ ርእስ ስትሰጡ፣ ቢያንስ አንድ ቡድን ጣቢያ ሊተከልበት በታሰበ ቦታ የመብራቱን ቮልቴጅ ለአንድ ወር ሌት ተቀን እንዲመዘግብ፣ በመዝገቡም ላይ ተመሥርቶ ሰሌዳውን እንዲሠራ አድርጉ። ሬዲዮ የሚገዛው ሰው ያ መዝገብ በእጁ ይኑር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።