ለቅሶ ቤት በር ላይ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረን ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ራሴን አላስተዋውቅም።

ዛሬ፣ ኖቬምበር 20፣ የተገደሉ ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተጻፈላቸው ጾታ የተለየ ጾታ ያላቸው) ሰዎች የሚታሰቡበት ቀን ነው። በ1999 ሲጀመር መነሻው ሪታ ሄስተር ነበረች። ቦስተን የምትኖር ጥቁር ትራንስ ሴት ነች። በ1998 ኖቬምበር መጨረሻ ቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ሞተች። ጋዜጦች ከሞተች በኋላም "እሱ" እያሉ ጻፉባት። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሻማ ይዞ ወደ ቤቷ ሄደ። እናቷ ደጃፏ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ተንበርክከው "አባታችን ሆይ" ደገሙ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ደጃፍ ነው።

ከወንድ ወደ ሴት ስላደረግሁት ሽግግር ስትጠይቁኝ ሁሌ ስለ ኦፕራሲዮን ነው። ሽግግር ግን በአብዛኛው ቀስ የሚል ነገር ነው። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ስወስድ ቆዳዬ ለሰለሰ፣ ጡቴ ቀስ እያለ ወጣ። ጢም በሆርሞን አይጠፋም፤ በሌዘር ነው፣ ያማል። ድምፅም አይቀጥንም፤ ልምምድ ይፈልጋል። ስሜን ፍርድ ቤት ሄጄ አስቀየርኩ። ይህን ሁሉ ችየዋለሁ። ያቃተኝ የገዛ ወገኔ በር ነው።

አባቴ ሲያርፍ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። መግቢያው በጫማ ተሞልቷል። የአክስቴ ሙሾ እስከ ውጭ ይሰማል። ልጅ ሆኜ አቅፎ ያሳደገኝ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው መለሰኝ። "ሱፍ ለብሰህ ና። ሰው ፊት አታዋርደን" አለኝ። አባቴን ሆስፒታል ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ጥፍሩን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። "ልጄ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ" ይለኝ ነበር፣ አባቴ! መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ እንጀራ የተሸከሙ ሴቶች ሲገቡ እያየሁ ብቻዬን አለቀስኩ።

ማን ሰጣችሁ ይህን ሥልጣን? ለቅሶ በግብዣ ነው እንዴ? በኛ አገር ዓመታት የተኳረፈ ሰው እንኳ ለቅሶ ላይ ይተቃቀፋል። እኔ ማንን ገደልኩ? የማንን ቤት አፈረስኩ? አባቴን በስም ብቻ የሚያውቀው ሁሉ ገብቶ ሲያለቅስ፣ ልጁ ውጭ!

"የአእምሮ በሽታ ነው" ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶታል። የፓስፖርቱም ጉዳይ አለ፤ በ2025 ጃንዋሪ በአሜሪካ የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ስንወለድ የተጻፈልን ጾታ እንዲሰፍር ያዛል። እሱን ከመንግሥት ጋር እንከራከርበታለን።

ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው። የመረዳጃ ማኅበሩ ደንብ ውስጥ አንድ መስመር ይግባ፦ ለቅሶ የመጣን ሰው ማንም አባል ከበር አይመልስም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጄን አውጥቼ አቀርበዋለሁ። አብሮኝ እጁን የሚያወጣ ካለ ዛሬ፣ ከዚህ ሳይወጣ፣ ይንገረኝ።