ፒስታው የሰው ደጅ ነው
(በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለብስክሌት ጋላቢ ወጣቶቻችንና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው እሑድ አንዲት እናት «አስፋልቱ እያለ ልጄ ለምን ፒስታ ላይ ይንከራተታል?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ያደግነው ፒስታው አስፋልት እንዲሆንልን ስንለምን ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወራት ተለማምዶ ኮረኮንች ፍለጋ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ስቲምቦት ስፕሪንግስ የምትባል የኮሎራዶ ከተማ ስደርስ ነው።

ከዴንቨር በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ራቢት ኢርስ የሚባለው፣ እንደ ጣርማ በር ያለ የተራራ በር 2,873 ሜትር ላይ ነው፤ እሱን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ የያምፓ ወንዝ ሸለቆ ከፊታችሁ ይዘረጋል። ከተማዋ የምትታወቀው በበረዶ መንሸራተት ነው። ሃውልሰን ሂል የሚባለው መንሸራተቻዋ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ሳያቋርጥ ይሠራል። በረዶው ሲቀልጥ ግን በከብት እርባታዎቹ መካከል የሚጥመለመሉት የጠጠር መንገዶች ብቅ ይላሉ። ኤስቢቲ ግራቭል የተባለው የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው በእነዚህ መንገዶች ላይ ነው። ያን ጊዜ ረጅሙ ርቀት 141 ማይል ነበር፤ 227 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት እንደ መድረስ ቁጠሩት።

ልጆቻችን «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይበግረንም» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ስቲምቦት 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ሆኖም እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ደጋ ስንኖር የሚበዙት ቀይ የደም ሕዋሳት ዝቅ ወዳለ ቦታ ስንወርድ በሳምንታት ውስጥ ይመናመናሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን መኖር ብቻውን ዳገት አያወጣም። ስለዚህ ተለማመዱ፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ውኃ ጠጡ።

በዚህ ስፖርት እንግዶች አለመሆናችንንም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በቡድን የጎዳና ውድድር 9ኛ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አደራ እላችኋለሁ፤ ቁልቁለቱን። በነሐሴ 2022 ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ፣ ቲም አማኒ የተባለው የብስክሌት ቡድን አለቃ፣ በቬርሞንት የጠጠር መንገድ ውድድር ላይ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። 33 ዓመቱ ነበር። ከእናንተ እጅግ የሚበልጥ ጋላቢ ነበር። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነሸነ መንገድ ላይ ስትደርሱ መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፣ ፍሬኑን ከመጠምዘዣው በፊት ያዙ እንጂ መጠምዘዣው ውስጥ ገብታችሁ አትያዙ። ጎማውንም ድንጋይ እስኪመስል ንፋስ አትሙሉት፤ ትንሽ ሲለሰልስ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። የስቲምቦት አርቢዎች በዚህ ውድድር ላይ ቅሬታ አሰምተው ነበር። ነሐሴ ድርቆሽ የሚታጨድበት፣ የሚታሰርበትና የሚጫንበት ወር ነው። በዚያ ወር ሺዎች ብስክሌተኞች መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ ትራክተሩ ይቆማል፣ ከብት የጫነው መኪና ይቆማል። አጥር አልፈው የገቡ፣ ቆሻሻ የጣሉም ነበሩ። አዘጋጆቹ የተሳታፊውን ቁጥር ቀነሱ፤ በ2025 ደግሞ ውድድሩን ወደ ሰኔ መጨረሻ አዛወሩት። ብዙ ጋላቢዎች በዚህ ተከፍተው ሰምቻለሁ። እኔ ግን አርቢዎቹን ደገፍኩ።

የምደግፍበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ቤታችን ፒስታ ዳር ነበር። እናቴ ከአጨዳ በኋላ ገብሱን ደጃፍ ላይ ታሰጣለች። የጭነት መኪና ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እኔና እህቴ ሮጠን የስጡን ጫፍና ጫፍ ይዘን በሌላው ጆንያ እንሸፍነዋለን። አንዳንዴ አንደርስም። አቧራው ገብሱ ላይ ያርፋል፤ እናቴ ያንን ሁሉ እንደገና ስታበጥር ትውላለች። ሹፌሩ ቀስ ቢል ኖሮ የሚያጣው ሁለት ደቂቃ ነበር። አንድ ሹፌር ብቻ ነበር ደጃችን ሲደርስ ቀስ የሚለው። እናቴ ስሙን ባታውቀውም ሁልጊዜ ትመርቀው ነበር።

ስቲምቦት ላይ አንዲት አሮጊት አርቢ የፈረስ መጫኛ ተሳቢ ከሚጎትተው መኪናቸው ጋር በራቸው ላይ ቆመው እኛ እስክናልፍ ሲጠብቁ አየሁ። አንዱም አልቆመላቸውም። እኔ ወርጄ ከኋላ የሚመጡትን እጄን አንሥቼ አስቆምኩ፤ አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሴትዮዋ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው የመጣሁበትን አገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አገርህ ከብት አለ?» አሉኝ። ስለ በሬዎቻችን ትንሽ አወራን፤ ከኋላ ያለው ሰው መጮህ ሲጀምር ተሰነባበትን።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚሁ መኪና ማቆሚያው ጋ እንገናኝና ከከተማው በስተምሥራቅ ባሉት የአፈር መንገዶች እንለማመዳለን። ሁለት ሁለት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ ፓምፕና ውኃ ያዙ። የማስቲካና የብስኩት ወረቀት በኪሳችሁ ይመለስ። ፈረስ ካያችሁ ከሩቅ ድምፅ አሰምታችሁ በዝግታ እለፉ፤ መኪና ከደጁ ሊወጣ ሲል ካያችሁ ፊተኛው ይቁም፣ ሌላውም ከኋላው ይቁም። ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ሻይ አለ።

አመሰግናለሁ።